የዶሮዋ ጅማት እና የእኔ ፈተና

እኛ ቤት ዶሮ ሲበለት ወጡ ለእራት መድረሱ ያጠራጥራል። ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ ቢላዋው ከማረፉ በፊት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣቷ ዳስሳ ካላገኘች አታስነካኝም። እናቴ እኔን ያስተማረችኝ በሌላ መንገድ ነበር። ታፋው፣ መላላጫው፣ ፈረሰኛው እያለች 12ቱን ብልት ታወጣለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። «ለምን እዚህ ጋ ቆረጥሽው?» ብዬ ስጠይቅ መልሷ «ዝም ብለሽ እዪ» ነበር። አየሁ፤ እጄም ለመደ። ምክንያቱን ግን ያገኘሁት ባሕር ተሻግሬ፣ ልጅ ወልጄ፣ የአናቶሚ መጽሐፍ ከገለጥኩ በኋላ ነው። ሁለት አጥንቶች በለስላሳ አጥንት ተሸፍነው የሚገናኙበትን ቦታ ያገኘ ቢላዋ ጉልበት አያስፈልገውም።

የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። እኔ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለነርስነት የሚያበቁኝን መግቢያ ትምህርቶች እወስዳለሁ። በቀረው ሰዓት ልጄን እቤት አስተምራለሁ። ይህን ስናገር ሰው «እንዴት ትችይዋለሽ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱን ትምህርቶች ለያይቼ ልያዝ ብል ኖሮ አንዱንም አልችለውም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2021 ነው። ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ልጄ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርቷን በኮምፒውተር ትከታተል ነበር፤ ማለትም ስክሪኑ ፊት ትቀመጥ ነበር። በግንቦት ወር ከመሬት ውስጥ 17 ዓመት የቆዩት ሲካዳ የሚባሉ ነፍሳት ወጡ። በዋሽንግተን አካባቢ በዚያ ሰሞን የነበረ ሰው ጩኸቱን አይረሳውም። ዛፉ፣ አጥሩ፣ የመኪናው መስታወት ሁሉ ትተውት በወጡት ቅርፊት ተሞላ። ከዚያ በፊት የወጡት በ2004 ነው፤ የሚመለሱት በ2038 ነው። ልጄ አንዷን መዳፏ ላይ አስቀምጣ «እማዬ፣ ከመሬት ሥር ሆነው ዓመቱን ማን ይቆጥርላቸዋል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። እኔ ባደግሁበት ቤትም ሆነ በተማርኩበት ክፍል ይህን ቃል ከትልቅ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። አስተማሪ ያውቃል፤ ተማሪ ይሰማል፤ ጥያቄ ያበዛ ልጅ ደግሞ «ነገረኛ» ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አብረን ፈለግን። ሲካዳዎቹ ያን ሁሉ ዘመን የዛፍ ሥር ፈሳሽ እየጠጡ እንደሚኖሩ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ያለው አፈር ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ እንደሚወጡ አነበብን። የሥጋ ቴርሞሜትሬ አትክልቱ ሥር ተተክሎ ዋለ። 17 ቁጥር ከራሱና ከ1 በስተቀር ለምንም እኩል እንደማይካፈል ጥራጥሬ ደርድረን ሞከርን። ያን ጊዜ በኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ክፍል ስለምን ይማር እንደነበር አሁን አንዳችንም አናስታውስም።

ልጅን እቤት የማስተማር ሕጉ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። በቨርጂኒያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያስታውቃል፤ ልጁ የሚማራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዘርዝሮ ያስገባል፤ በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም ብቃት ባለው ሰው ግምገማ ያሳያል። ወረቀቱ ቀላል ነው። ከባዱ የቡና ሰዓት ነው። «ልጅቷን ከሰው ለየሻት»፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»፣ «ለእርሷ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?» እየተባለ እስከ በረካው ይዘለቃል። የመጨረሻዋን ጥያቄ እወዳታለሁ፤ መልሴም «ለሁለታችንም» ነው። ከሰው መለየት ለሚሉት ደግሞ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፣ ዋና አለ፣ የሠፈሩ ልጆች አሉ፤ ጸጥታ ያማረኝ እኔ ነኝ።

ከሁሉም ያስገረመኝ አባቴ ነው። ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። በስልክ ስነግረው ይቆጣል ብዬ ነበር። «የጠየቀችውን ተከትለን ነው የምንማረው፣ አባባ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው ቅኔ ቤት ነዋ» አለኝ። ከዚያ ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር እንደሚውል፣ የቆጠረውን ለየኔታ እንደሚነግር፣ የኔታም የጎበጠውን እንደሚያቀኑለት አወራኝ። ማንም የሰጠውን ደግሞ የሚያልፍበት ቤት አይደለም፤ ተማሪው ከራሱ አዲስ ነገር ካላመጣ የሚታረምለት ነገር የለም። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል «ነገር ግን ልጄ፣ ቅኔ ቤት የሚገባው ዳዊት የደገመ ነው» ብሎ አከለበት።

ይህን ካለኝ ወዲህ የቤታችን ሥርዓት ተለወጠ። የልጅን ፍላጎት ብቻ መከተል ይበቃል የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ፤ እኔ አልስማማም። ልጄ ስለ ሲካዳ ጠይቃኛለች፣ ስለ ጨረቃ ጠይቃኛለች፣ በግእዝ ቁጥር ውስጥ ዜሮ ለምን እንደሌለ ጠይቃኛለች፤ 7 ጊዜ 8 ስንት እንደሆነ ግን በራሷ ፍላጎት አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዜማ አለ። «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ከተባለ በኋላ የማባዣው ሠንጠረዥ በዚያው ዜማ ይቀጥላል። ታጉረመርማለች፤ ግን ትለዋለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ የጡንቻ ስሞችን በቃሌ እወጣለሁ። የላቲን ስም በአማርኛ ዜማ ሲባል የሰማ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እንጃ።

በቃል መያዙ ብቻውን አላዋጣኝም ነበር። የክንድ ጡንቻዎች ምዕራፍ ላይ ደርሼ ስሞቹ እርስ በርሳቸው ይደባለቁብኝ ጀመር። ፎልስ ቸርች ውስጥ ኤደን ሴንተር የሚባል የቬትናሞች የገበያ ማዕከል አለ፤ እናቴ ቆርጣ የምትጥለው የዶሮ እግር እዚያ አካባቢ ተፈልጎ የሚገዛ ነገር ነው። ገዝተን ስንመለስ ልጄ ከተቆረጠበት ጫፍ ብቅ ያለውን ነጭ ጅማት በወረንጦ ይዛ ጎተተችው፤ የዶሮዋ ጣቶች ተጨበጡ። ጮኸች፤ ወረንጦውን ጣለች፤ አነሳችና ደገመችው። ከዚያ የራሷን እጅ ገልብጣ እያየች «የእኔንስ ማን ነው የሚጎትተው?» አለች። ክንዷን በሌላ እጇ ጨብጣ ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ ነገርኳት። ጣቶችን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ክንድ ላይ ናቸው፤ ጣት ድረስ የሚዘልቀው ጅማታቸው ነው። ክንዷ ሥር የሚርመሰመሰውን ነገር ስትዳስስ ፊቷ ላይ ያየሁትን መደነቅ እኔም ተጋራሁ፤ ያን ምዕራፍ ከዚያ ወዲህ መሸምደድ አላስፈለገኝም።

አጥንት ላይ ደግሞ እርሷ ቀደመችኝ። የተወለደ ሕፃን 300 ገደማ አጥንት እንዳለው፣ አዋቂ ሰው ግን 206 ብቻ እንደሚቀረው ሳነብላት «የቀሩት የት ገቡ?» አለች። አንዳንዶቹ እያደር እንደሚጋጠሙ መጽሐፉን አሳየኋት። ከ206ቱ ውስጥ 106ቱ ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ ጣት ባለው የእጅና የእግር ክፍል ላይ መሆናቸውን ያገኘችው ራሷ ናት፤ ሥዕሉ ላይ በእርሳስ እየነካች ቆጥራ። እኔ ያን መጽሐፍ ለወራት ተሸክሜው ስዞር ልብ ያላልኩት ነገር ነው።

«ራስን ማሳደግ» የሚባለው ነገር ሥራ የሌለው ሰው የሚያወራው ይመስለኝ ነበር። ንጋት ላይ ተነስቶ ማሰላሰል፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ። እኔ ንጋት ላይ የምነሳው ሊጥ ለማየት ነው። አሁን ግን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ተዘግቶ የቆየ አንድ ነገር ውስጤ ሲከፈት ይሰማኛል፤ የከፈተችውም የማላውቀውን እየጠየቀች ዕረፍት የነሳችኝ ልጅ ናት። ፈተና ሲደርስ እርሷ ጠያቂ፣ እኔ ተጠያቂ ነኝ። ምሕረት የላትም። «እርግጠኛ ነሽ?» ትለኛለች፣ እርግጠኛ ብሆንም።

በሚቀጥለው ሳምንት የምንገባው ወደ ኩላሊት ነው። ልጄ የበግ ኩላሊት ከሥጋ ቤት እንዲገዛ አዝዛለች፤ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ውስጡ በሥዕል ይነሳል። ባለቤቴ ነገሩን ሰምቶ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ተምራችሁበት ስትጨርሱ ለጥብስ ይሆናል?»