የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ምርመራ፦ ጂኖሙ ለመደልን፣ መጠይቁ ግን ገና ነው

በዚህ ዙር ደስ የሚል ለውጥ አለ። የልምምድ ቡድኑ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የሳልሞኔላ (በምግብ የሚተላለፍ፣ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ጂኖሞችን፣ ማለትም የባክቴሪያውን ሙሉ የዘር መረጃ፣ አውርዶ፣ ጥራታቸውን ፈትሾ፣ ዝምድናቸውን የሚያሳየውን ዛፍ ያለ አጋዥ መሥራት ችሏል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «እነዚህ ሰዎች በጋራ የበሉት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ያንገዳግደናል። ስለዚህ ላቦራቶሪውን ቶሎ ብለን አልፈን ጊዜያችንን መጠይቁ ላይ እናጠፋለን።

መለማመጃችን የ2022ቱ የኪንደር ቾኮሌት ወረርሽኝ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ታማሚ ናሙና የተወሰደው ዲሴምበር 21 ቀን 2021 ሲሆን፣ ዩናይትድ ኪንግደም ክላስተሩን (ባክቴሪያቸው በጂኖም የሚመሳሰል ታማሚዎችን ስብስብ) ለአውሮፓ አገሮች ያሳወቀችው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022 ነው። ምንጩ በቤልጂየም አርሎን የሚገኘው የፌሬሮ ፋብሪካ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው በራሱ ቁጥጥር በዲሴምበር አጋማሽ ከአሬራ ጋን ውስጥ ሳልሞኔላ አግኝቶ ነበር፤ የፋብሪካው ፈቃድ የታገደው ግን አፕሪል 8 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአፕሪል መጨረሻ ባወጣው መግለጫ በ11 አገሮች 151 ታማሚዎች ተቆጥረዋል፤ 89 በመቶዎቹ ከ10 ዓመት በታች ናቸው። ምርቱ ደግሞ ቢያንስ 113 አገሮች ደርሷል።

ካልቸሩ (ባክቴሪያውን ከናሙና ማሳደጉ) ላይ ብዙ የሚባል የለም። 25 ግራም ምግብ በ225 ሚሊ ሊትር በፈርድ ፔፕቶን ውሃ (ማበልጸጊያው)፣ 37 ዲግሪ ላይ ለ18 ሰዓት ያህል፤ ከዚያ ሳልሞኔላን መርጠው ወደሚያሳድጉት ሁለት ፈሳሾች፣ ወደ አርቪኤስ (41.5 ዲግሪ) እና ወደ ኤምኬቲቲኤን (37 ዲግሪ)፤ በመጨረሻ ኤክስኤልዲ አጋር በተባለው የማሳደጊያ ሳህን ላይ። ቾኮሌት ሲሆን ይህ አይሠራም። ካካዎ ባክቴሪያውን ስለሚያፍን፣ ማበልጸጊያው ስቡ ከወጣለት የዱቄት ወተት መበጥበጥ አለበት፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ኬሲን የካካዎውን አፋኝነት ያረግበዋል። ቅመማ ቅመምም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፤ ቀረፋ 1 ለ 100፣ ቅርንፉድ 1 ለ 1000 ካልቀጠነ ውጤቱ በሐሰት ነጋቲቭ ሊሆን ይችላል።

ይህም በግልጽ ይባል፦ በየክሊኒኩ ለታይፎይድ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ ለዚህ ሥራ ምንም አይረባም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው በእጅ ካልገባ ሴሮታይፕም (የባክቴሪያው ንዑስ ዓይነት) ጂኖምም የለም። ሰገራ ካልቸር ይደረግ፤ ከተቻለ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት።

ጂኖሙን በሚመለከት፣ ሽፋኑ (እያንዳንዱ ቤዝ፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደል፣ በአማካይ የተነበበበት ብዛት) ከ30 እጥፍ ካነሰ አንጠቀምበትም። የተገጣጠመው ርዝመት ከ4.8 ሚሊዮን ቤዝ ብዙ ከራቀ ሌላ ባክቴሪያ ተደባልቆበታል ብለን እንጠረጥራለን። ለክላስተር መነሻ የሚያዘው የተለመደው ወሰን በሁለት ጂኖሞች መካከል የአምስት ቦታ ልዩነት ነው፤ ይህን ቁጥር እንደ ሕግ የሚይዙ ሰዎች ግን ትዕግሥት ያስጨርሳሉ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአንድ ፋብሪካ ለወጣ ቾኮሌት አምስት በቂ ነው። በዶሮ እርባታ ውስጥ ለዓመታት ሲራባ ለኖረ ኢንተራይቲዲስ (አንድ የሳልሞኔላ ሴሮታይፕ) ግን ይጠብበታል፤ አንዱን ወረርሽኝ ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። ሲኩዌንሰር (ጂኖም አንባቢ መሣሪያ) የሌለው ላቦራቶሪም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። የኪንደሩ ዝርያ ካናማይሲንንና ጄንታማይሲንን የሚቋቋም ነበር። ይህ በሞኖፌዚክ ታይፊሙሪየም (የኪንደሩ ሴሮታይፕ) ብዙም ያልተለመደ ስለሆነ፣ ተራ የአንቲባዮቲክ ዲስክ ምርመራ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ያገለግላል።

አሁን ወደ መጠይቁ። ችግሩ ከስሌቱ ይጀምራል። ከአሥር ታማሚዎች ስድስቱ አንድን ምግብ በልተዋል እንበል። ከጤናማው ሕዝብ ምግቡን በሳምንት የሚበላው 25 በመቶ ከሆነ፣ ከአሥር ስድስትና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የመገኘቱ ዕድል 2 በመቶ ነው፤ ይህ ክትትል ይገባዋል። የሚበላው 60 በመቶ ከሆነ ግን ዕድሉ 63 በመቶ ይሆናል፤ ያው ስድስት ከአሥር ምንም አልነገረንም ማለት ነው። ቾኮሌት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከልጆች 90 በመቶው በሳምንት ቾኮሌት ይቀምሳሉ ብለን ብናስብ፣ አሥሩም ታማሚዎች ቢበሉት እንኳ የአጋጣሚው ዕድል 35 በመቶ ነው።

መውጫው ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «ቾኮሌት በልቷል?» ከሚለው ወደ ብራንዱ፣ ከብራንዱ ወደ ቅርጹና ወደ መጠቅለያው፣ ከዚያ ወደ ተገዛበት ሱቅ መውረድ ያስፈልጋል። አንድን የተለየ ምርት ከልጆች 15 በመቶው ብቻ የሚበሉት ከሆነና ከአሥር ታማሚዎች ስምንቱ ከበሉት፣ ዕድሉ ከመቶ ሺህ አንድ ያነሰ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ጣፋጭ፦ አዎ/አይ» የሚል ሣጥን ካያችሁ ሰርዙትና ባዶ መስመር አስገቡበት። በሌላ በኩል 200 ምግቦችን ዘርዝሮ እያንዳንዱን በ5 በመቶ ወሰን የሚፈትን ሰው፣ ምንም ምንጭ በሌለበት እንኳ አሥር ያህል «ጥፋተኛ» ምግቦች ያገኛል። ረጅም ቅጽ ሐሳብ ለማፍለቅ እንጂ ለመፍረድ አይደለም።

እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት እስከ አሥር ታማሚዎች አንድ ሰው ብቻ ያናግራቸው፤ ተመሳሳይነቱ የሚታየው በአንድ ጆሮ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ጥያቄው ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ሰባት ቀናት ይሸፍን፤ ሕመሙ በአብዛኛው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ቢጀምርም አንዳንዱ ይዘገያል። ካላንደር ዘርጉ። በዓል፣ ልደት፣ ለቅሶ፣ ጉዞ የነበረበትን ቀን መጀመሪያ አስይዙ፣ ከዚያ ምግቡን ጠይቁ። ለሕፃን እናቱን ብቻ ጠይቆ ማቆም አይበቃም፤ ከረሜላ የምትሰጠው አያቱ ናት፣ ሕፃናት ማቆያም ይውላል። ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ በኋላ የታመመ ሰው ከስሌቱ ይውጣ፤ ከቤተሰቡ ተላልፎበት ሊሆን ይችላልና የበላው ምግብ ያሳስታል። የሱቅ ደረሰኝና የደንበኝነት ካርድ መዝገብ ደግሞ ከማንኛውም ትውስታ ይበልጣል። ከካልቸር እስከ ጂኖም ሦስትና አራት ሳምንት ስለሚያልፍ፣ ክላስተሩ በሚታወቅበት ጊዜ ማንም ሰው የዚያን ሳምንት ምሳውን አያስታውስም።

ዜና ከወጣ በኋላ የሚሰበሰብ መልስ ዋጋው ይወርዳል። «ያ ቾኮሌት ከገበያ ይሰብሰብ ተባለ» ከተባለ በኋላ ሁሉም ሰው መብላቱ ትዝ ይለዋል። መጠይቁ ላይ የቃለ መጠይቁን ቀን ጻፉ፤ ከማስታወቂያው በፊትና በኋላ የተሞሉትን ለይታችሁ አስሉ።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን ስሙ የማይጠራው ግብዓት ነው። ከ2019 ጀምሮ ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ኖርዌይና ስዊድን ውስጥ እስከ 2021 መገባደጃ ድረስ 121 ሰዎች በሳልሞኔላ ታመሙ፤ ምንጩ ከሶሪያ የመጣ ጣሂና (የተፈጨ ሰሊጥ) እና ሐላዋ (ከእሱ የሚሠራ ጣፋጭ) ነበር። ሰው «ሰሊጥ በልተሃል?» ሲባል «አልበላሁም» ይላል። የበላው ጣሂና የገባበት ሑሙስ ነው፣ ፈላፌል ላይ የፈሰሰ ነጭ ወጥ ነው፣ ከሻይ ጋር የቀረበ ሐላዋ ነው። መጠይቁ እነዚህን በየስማቸው፣ በተጠያቂው ቋንቋ ካልጠራቸው ሰሊጡ አይወጣም።

ነገሩን ያወሳሰበው ሌላም አለ። ባክቴሪያው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ምባንዳካ፣ ሐቫና፣ ኦሪዮን፣ ኪንታምቦ፣ ሴንፍተንበርግና አምስተርዳም የተባሉ ስድስት ሴሮታይፖች ተገኝተዋል። ዝርያን ከዝርያ ብቻ የሚያዛምድ ሰው ስድስት ትንንሽ ክላስተሮች አይቶ ያልፋል። ማነጻጸሪያ የሚሆን ጤናማ ሰው ሲጠፋ የሌላ ሴሮታይፕ ታማሚዎችን እንደ ማነጻጸሪያ መጠቀም እኛም የምንወደው አቋራጭ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ወጥመድ ነው። ለምባንዳካ ታማሚዎች ማነጻጸሪያ የሴንፍተንበርግ ታማሚዎች ቢመረጡ፣ ሁለቱም ወገን ጣሂና ስለበላ ልዩነቱ ተጣፍቶ ይጠፋል። ስለዚህ ማነጻጸሪያዎቹን ከአንድ ሳይሆን ከብዙ ሴሮታይፖች አደባልቁ፤ ብርቅ የሆኑት ሴሮታይፖች በአንድ ወቅት አብረው ከጨመሩ ደግሞ በጋራ አስሏቸው።

ሰሊጡ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የሁመራ ሰሊጥ እስራኤል ውስጥ ለጣሂና የሚፈለግ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰሊጥም በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/1793 በሳልሞኔላ ምክንያት ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ተርታ ገብቷል። ባክቴሪያው በደረቅ ፍሬ ላይ አይራባም፣ ግን ለወራት ይቆያል። ስብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል። ቆላን ማለት አይበቃም፤ ለመላጥ የተነከረው ፍሬ ውሃና ከተቆላ በኋላ የሚያልፍበት መፍጫ ዋነኞቹ መፈተሻዎች ናቸው።

ወደ ኋላ ተከትሎ ምንጭን ማግኘት ላይ ገና ነን፤ አንድ ነገር ብቻ እናካፍል። የአውሮፓ መመዘኛ ለብዙ ምግቦች ከአንድ ባች (ሎት፣ በአንድ ጊዜ የተመረተ ምርት) አምስት ናሙና፣ እያንዳንዱ 25 ግራም እንዲመረመር ያዛል። እያንዳንዳቸው 25 ግራም ከሆኑ መቶ ድርሻዎች አንዱ የተበከለ ቢሆን፣ አምስቱ ናሙናዎች የሚይዙት ዕድል 5 በመቶ ብቻ ነው፤ 60 ናሙና ቢወሰድ እንኳ 45 በመቶ። ነጋቲቭ ውጤት ይዞ የሚመጣ አቅራቢ ቢያጋጥማችሁ ስንት ናሙና እንደወሰደ ጠይቁት፣ ምርመራውንም አትዝጉ። ታማሚው ቤት ያለውን የተከፈተ ማሰሮ፣ ከዚያው ሎት ያልተከፈተ ከሱቅ፣ የሎት ቁጥሩን የሚያሳይ ኢንቮይስ፣ ከፋብሪካው ደግሞ ከመፍጫው ሥር የተጠረገውን ዱቄት ውሰዱ። ጥራጊው ብዙ ጊዜ ከምርቱ ቀድሞ ይናገራል።