የሰሌዳው ላይኛ ጥግ

ዛሬ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቀኑን ራሴ ጻፍኩ። ሰሌዳው ላይ፣ በስተቀኝ፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር፤ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አንሥቶ ስጽፍበት የኖርኩት ቦታ ነው። ካለፈው የካቲት ወዲህ ይህን ሥራ የክፍል አለቆች ነበሩ የሚሠሩልኝ፤ እኔ ከአገጬ በታች ባለው የሰሌዳው ግማሽ ብቻ እጽፍ ነበር፤ የኋላ ወንበር ያሉትም አንገታቸውን እያሰገጉ ይገለብጡ ነበር። የዘንድሮ ተማሪዎች አዲሶች ስለሆኑ ምንም አላሉም። እኔ ግን ጠመኔውን ካስቀመጥኩ በኋላ ጀርባዬን እንደ ሰጠኋቸው ትንሽ ቆየሁ።

የወደቅኩት ከባጃጅ ነው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ ተነሥተን ወደ ከዚራ ሰፈር ለመሻገር ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ስንደርስ ፍየል ገባችና ሹፌሩ መሪውን ጠመዘዘ። ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ዘንቢሌን አልለቅም ብዬ እጄን ሳልዘረጋ ቀረሁ፤ የቀኝ ትከሻዬ ጫፍ ቀድሞ መሬት መታ። ከቲማቲሙ አንድም አልፈረጠም። ፍየሏም ደኅና ናት።

የተሰበረውን አጥንት ሐኪሙ ክላቪክል አለው፤ እኛ ቤት የአንገት ሥር አጥንት ነው የምንለው። ከደረት መሐል ተነሥቶ ትከሻ ድረስ የሚዘረጋ ቀጭን፣ ጥምዝ ያለ አጥንት ነው። ሥራው እንደ ወጋግራ ነው፤ ትከሻ ወደ ደረት እንዳይጠጋ ገፍቶ ይይዘዋል። የኔው ራጅ ላይ ከመሐሉ ተቆርጦ ይታያል፤ አብዛኞቹ የዚህ አጥንት ስብራቶችም እዚያው መሐል ላይ ናቸው። የአንገት ጡንቻ የውስጠኛውን ቁራጭ ወደ ላይ ስቦታል፣ የክንዴ ክብደት የውጪኛውን ወደ ታች ጎትቶታል፤ ጫፎቹ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ተደራርበዋል። ቆዳው አልተቀደደም፣ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፣ የደም ሥሬ አንጓዬ ላይ ይመታል። ስለዚህ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ክንዴን በማንጠልጠያ ይዤ እንድጠብቅ ተወሰነ።

ጥፋቴ የጀመረው በዚያው ማታ ነው። ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኒር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙ ከ2,200 በላይ ስብራቶች ሳይገጥሙ የቀሩት 3 ብቻ ናቸው ብሎ ጽፏል። ደስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን የካናዳ ሐኪሞች አጥንታቸው መሐሉ ላይ ተሰብሮ ፈጽሞ የተላቀቀባቸውን አዋቂዎች ለሁለት ከፍለው አወዳደሩ። እስከ መጨረሻው ከተከታተሏቸው መካከል በብረት ከታሰረላቸው 62 ሰዎች ያልገጠመላቸው 2 ሲሆኑ፣ በማንጠልጠያ ብቻ ከታከሙት 49 ሰዎች ግን 7 ናቸው። ሰባት ለአርባ ዘጠኝ፤ ሲቃለል አንድ ሰባተኛ። ለሒሳብ መምህርት ይህ እንቅልፍ የሚነሣ ክፍልፋይ ነው። እኔ ያቺ አንዷ እንዳልሆን ስል ክንዴን እንደ እንቁላል አቀፍኩት።

ጎረቤታችን አዴ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው) ወጌሻ ካልመጣ ብለው ነበር። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ አባቴ ወለም ባለው ቁጥር የሚያሽለት ወጌሻው ነበር። ነገር ግን ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ መድረሱ በአገራችን የታወቀ ጉዳት ነው። ደግሞ ከዚህ አጥንት ሥር ትልልቅ የደም ሥሮች፣ ወደ ክንድ የሚወርዱ ነርቮችና የሳንባ ጫፍ አሉ፤ እዚያ ላይ እሽት አልሞክርም አልኳቸው። አዴ ተቀየሙኝ። በሦስተኛው ቀን በፔርሙስ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ይዘው መጡና “እሺ የኔ ልጅ፣ ይህንንስ ሐኪሙ ከልክሎሻል?” አሉኝ።

ተጋድሞ መተኛት ስላልተቻለኝ ግቢው ውስጥ ከኒሟ ሥር ፍራሹን ግድግዳ አስደግፈን፣ በትራስ ተከብቤ፣ ቁጭ እንዳልኩ አድር ነበር። ከልብሶቼ የታደገኝ ድሪያ ብቻ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ሲለበስ የታመመው ክንድ ቀድሞ ይገባል፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ማንጠልጠያው ግን በድሬዳዋ ሙቀት ሌላ በሽታ ነበር፤ ብብቴና ክርኔ ሥር ተላላጠ። ሐኪሙ ሕመሙ ሲቀንስ፣ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ቀስ በቀስ እንድተወው ነግሮኝ ነበር። እኔ ስምንት ሳምንት አሰርኩት። ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ “አይዞሽ፣ እንዳታንቀሳቅሺው” ይል ስለነበር ልክ የሠራሁ መሰለኝ።

በስምንተኛው ሳምንት አዲሱ ራጅ ተነሣ። ስብራቱ ላይ እንደ ደመና የመሰለ አዲስ አጥንት ተጋግሮ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቷል። ሐኪሙ በጣቱ ሲጫነው አላመመኝም። አለቀስኩ። “አሁን ክንድዎን ያንሡ” አለኝ። አነሣሁ፤ ትከሻዬ ጋ እንኳ ሳይደርስ ቆመ። “ማንጠልጠያውን እንዲተዉት ነግሬዎት አልነበረም?” አለ። ዝም አልኩ። አጥንቱ እኔ ባላውቅበትም ሥራውን ጨርሷል፤ ያደረቅኩት ትከሻውን ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከተማሪዎቼ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ሙሉ መነሣት 180 ዲግሪ መሆኑን፣ ከየሦስቱ ዲግሪ ሁለቱን የትከሻ መገጣጠሚያ፣ አንዱን ሰፊው የጀርባ ትከሻ አጥንት እንደሚያዋጣ፣ የአንገት ሥር አጥንትም አብሮ ከፍ እያለ ወደ ኋላ እንደሚሽከረከር ስትነግረኝ፣ ከወደቅኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ነገር አገኘሁ። 120 ሲደመር 60። እኔ ግን የማነሣው ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ እየጎተትኩ ነበር፤ መስታወት ፊት አቁማ አሳየችኝ። አጎንብሼ ክንዴን እንደ ፔንዱለም ማወዛወዝ፣ ሁለቱን የጀርባ ትከሻ አጥንቶች ማቀራረብ፣ በጣቶቼ ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት መውጣት፤ ቀላል ናቸው፣ አሰልቺም ናቸው።

ከትምህርት ቤት ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር ተዋስኩ። ልጄ ከጎኔ ቆማ ትለካለች፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፦ 62፣ 70፣ 70፣ 85፣ 95። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ 95። ግንቦት ሲገባ የውጪው ሙቀት 35 ዲግሪ ሲያልፍ ልጄ ሁለቱን ዲግሪዎች በአንድ ግራፍ ሠርታ፣ ትከሻዬን የሚያነሣው ፀሐይ ነው ብላ ደመደመች። አብረው መውጣታቸው ምክንያት አይሆንም ብዬ አረምኳት፤ ከልምምድ በፊት ሙቅ ፎጣ መጣሌን ግን አልነገርኳትም።

ከ95 ያወጣኝ ገመድ ነው። በኒሟ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ጤነኛው ክንድ ወደ ታች ሲስብ የታመመው ይወጣል። አዴ አዘኑልኝና አንድ ቀን ጫፉን ነጥቀውኝ እሳቸው ሳቡት። ጩኸቴን ሰምቶ መንገደኛ ሁሉ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ብቻ ተፈቀደላቸው፤ በኦሮምኛ እየቆጠሩ፣ አሥር ላይ ሲደርሱ ሆን ብለው ተሳሳትኩ ይሉና እንደገና ይጀምራሉ።

ከሦስት ወር በኋላ ክብደት ማንሣት ተፈቀደልኝ፤ በውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ነበር የመጀመሪያው። ምጣድ ላይ ሊጥ አዙሬ የጨረስኩት በሐምሌ ነው፤ እንጀራው ክብ አልነበረም፤ በላነው። ትናንት ማታ ስንለካ 168 ሆነ። ልጄ ወደ 170 እናጠጋጋው አለች፤ አልፈቀድኩም።

አጥንቱ የገጠመበት ቦታ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ቀርቷል፤ ቀጭን ነጠላ ስለብስ ይታያል። በቀኝ ጎኔ ስተኛ አሁንም እነቃለሁ። ዛሬ ትምህርት ቤቱን ለቅቄ ስወጣ፣ ቀኑን በመጻፌ ልቤ ሞልቶ ስለነበር፣ ቦርሳዬን በቀኝ ትከሻዬ አንጠለጠልኩት። ማንገቻው ልክ እብጠቱ ላይ አርፎ ቆረቆረኝና በር ላይ ስደርስ ወደ ግራ አዛወርኩት። ባጃጅ ቆመልኝ። ጫፉ ባዶ ነበር፤ ሁለቱን ሴቶች አስጠግቼ መሐል ገባሁ።