«ፑዌርቶ» ሲባል ፎጣ የያዘው

ከዱባይ ሊጠይቀኝ ማድሪድ የመጣው የአክስቴ ልጅ «ቅዳሜ የት ትወስደኛለህ?» ሲለኝ «ፑዌርቶ ደ ናቫሴራዳ» አልኩት። ስልኩን ጠየቀ፤ ስልኩም «ወደብ» አለው። ቅዳሜ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ሞንክሎዋ መናኸሪያ ስደርስ ቁምጣ ለብሶ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይጠብቀኛል። ወሩ ኤፕሪል ነው። 691 ቁጥር አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል።

ስፓኞች ባሕር ዳር መርከብ የሚቆምበትን «ፑዌርቶ» ይሉታል። ተራራ ላይ ሲሆን ግን በሁለት ከፍታዎች መሃል መንገድ የሚሾልክበት ማለፊያ ነው። በር ማለት የሆነው «ፑዌርታ» የቅርብ ዘመዱ ነው። እኛም ጣርማ በር የምንለው ለዚሁ ነው፤ ቁልፍ ይዞ የሄደ ሰው ግን አልሰማሁም።

መንገድ ላይ የናቫሴራዳ ግድብ ብቅ ሲል «ይኸው ባሕሩ!» ብሎ ተነሣ። የመጠጥ ውሃ ነው፣ መዋኘት ክልክል ነው ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ከግድቡ አጠገብ ያለው መንደርም ስሙ ናቫሴራዳ ስለሆነ ብዙ እንግዳ እዚያ ይወርዳል። ማለፊያውን የፈለገ «ፑዌርቶ» እስኪባል ከወንበሩ አይነሣም።

ማለፊያው 1,858 ሜትር ላይ ነው፣ ማድሪድ ደግሞ 650 ገደማ። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከተማው 15 ሲሆን እላይ 7 ነው። ነፋሱን አልቆጠርኩም። በረዶውንም አልቆጠርኩም፤ የአክስቴ ልጅ ግን በነጠላ ጫማው ቆጠረው።

ፎጣውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ የካርታውን ሰሌዳ ያነብ ጀመር። «ሲየራ» መጋዝ ነው፤ ጥርሱ ሽቅብ የቆመ የተራራ ሰንሰለት። «ሞንቴ» ተራራም ጫካም ነው፤ «ሞንቴ ባሆ» የሚል ካየህ ዝቅተኛ ተራራ አትፈልግ፣ ቁጥቋጦ ነው። «ሎማ» ጀርባው የተለሰለሰ ጉብታ ነው። ተንኮለኛው «ሴሮ» ነው። መዝገበ ቃላት «ኮረብታ» ይልሃል፤ ማድሪድ አጠገብ ያለው ሴሮ ደ ሎስ አንሄሌስ 670 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አርጀንቲና ያለው ሴሮ አኮንካጓ ግን 6,961 ሜትር ነው። ስለዚህ «ሴሮ ነው፣ ቀላል ነው» የሚል አስጎብኚ ካጋጠመህ መጀመሪያ ሜትሩን ጠይቀው።

ትኩስ ቸኮላት ካጠጣሁት በኋላ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳ ይሻልሃል፤ ሜሳ ደ ኦካኛ እንሂድ» አልኩት። «ሜሳ» አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ከፍታ ነው፣ እንደ አምባ። ስልኩን አወጣ፣ «ጠረጴዛ» የሚለውን አነበበና፣

«ቀድመን እናስይዝ እንዴ?»