በሱሉልታ ዳገት ወደ ኋላ የሄደው ወንበር

ጋሼ ጋራዣችን ሲመጡ መኪናቸው አልታመመችም ነበር። የታመሙት እሳቸው ናቸው። ከጋቢናው ሲወርዱ መጀመሪያ ግራ እግራቸውን መሬት ያስነካሉ፣ በሩን ጨብጠው ጥቂት ይቆማሉ፣ ከዚያ ነው ወገባቸው ቀስ እያለ የሚቃናው። «ሐኪሙ መንዳት ተው አለኝ» አሉኝ። «ወተቱን እሱ ሊያደርስልኝ ነው? ይልቅ ይህን ወንበር ቀይርልኝ።»

ሥራቸው በሱሉልታ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ወተት ሰብስቦ በማለዳ አዲስ አበባ ማድረስ ነው። በእንጦጦ ትከሻ ተሻግረው ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳሉ። ፒካፗ ባለ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ናት፤ በ1988 እ.ኤ.አ. መመረት ከጀመረው ትውልድ፣ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት። የኋላ ባሌስትራዋ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የሚተጣጠፍ ብረት፣ ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ወተት ስትጭን ትለሰልሳለች፣ ባዶ ጣሳ ይዛ ስትመለስ ግን በኮረኮንቹ ላይ ሰውን ታነጥራለች። አግዳሚ ወንበሯ ደግሞ ስፖንጁ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ጋቢ አጣጥፈው ነበር የሚቀመጡበት።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ ስፖንጁን ጠንከር ባለ ስፖንጅ እንቀይረውና እንየው እላለሁ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ብረቱም አይነካም። ያኔ ግን በሙያው ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ ሥራ ሲመጣልኝ እጄን ያሳክከኝ ነበር።

ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ አብረን ሄድን። መጀመሪያ ያየነው ጥንድ ወንበር በጣም ያማረ ነበር፤ ገልብጬ ሳየው ግን ከሥሩ ቢጫ ሶኬት ተንጠልጥሏል። ቢጫ ሶኬት ማለት በወንበሩ ጎን የአየር ከረጢት አለ ማለት ነው፤ በግጭት ጊዜ የሚፈነዳ ነገር ስለሆነ ሽቦውን ቆርጠው የሚጫወቱበት አይደለም። ሻጩ «ቁረጠውና ግጠመው» አለ። ትተነው ሄድንና ያን ሶኬት የሌላቸው፣ ከአሮጌ ቪትዝ የወጡ ሁለት ወንበሮች ገዛን። በዚህ ብልህነቴ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ። ሦስት ሰው ይይዝ የነበረው ጋቢና ሁለት ሰው ብቻ እንደሚይዝ ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ። «እግረ መንገድህን ውሰደኝ የሚል ዘመድ ይቀርልኛል» አሉ።

የቪትዝ ወንበር በሃይሉክስ ወለል ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቀዳዳው ከቀዳዳ አይገጥምም፤ ወለሉም ጠፍጣፋ አይደለም፤ በመካከል ካምቢዮው የሚያልፍበት ጉብታ ስላለ የውስጠኞቹ እግሮች ከፍ ባለና ባዘነበለ ላሜራ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ከማዕዘን ብረት አራት የተለያየ ቁመት ያላቸው እግሮች ሠራሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ከፍ ብሎ የጋሼ ባርኔጣ ጣራውን ነካ፣ መሪውም ጭናቸው ላይ አረፈ። አራት ሴንቲሜትር ቀነስኩለት።

ያወቅሁትን ሁሉ በትክክል አድርጌአለሁ፤ ይህን ስል ራሴን ለመከላከል አይደለም። ከብየዳ በፊት ባትሪውን ፈታሁ፣ ምንጣፉን አወጣሁ፣ ከመብሳቴም በፊት ከመኪናዋ ሥር ገብቼ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎቹ በየት እንደሚያልፉ አየሁ። ከላሜራው ሥር ወፍራም ብረት ደግፌ፣ በራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የተጻፈበትን ብሎን ተጠቀምኩ። የቀበቶው መቆለፊያ ከወንበሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ግጭት ቢመጣ የሰውየውን ክብደት የሚሸከሙት እነዚያው አራት እግሮች ናቸው።

ከዚያ ግን ጥድፊያ መጣ። የቀኝ በኩሉን ሁለት ብሎኖች በ14 ቁልፍ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁ። ወደ ግራ ስዞር የኋላው ቀዳዳ ከእግሩ ቀዳዳ ጋር በጥቂት ሚሊሜትር አልተገናኘም። በትንሽ ብረት ገፋ፣ ጫን አድርጌ ብሎኑን አስገባሁት። ሲገባ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ወንበሩን በእጄ ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋሁት፤ «ጠቅ» አለ። ጋሼ ተቀመጡበት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ሆቴል ገባሁ» አሉ፣ መርቀውኝም ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፒካፗ ቀስ ብላ ጊቢያችን ገባች። ከኋላ በሯ ወተት ይንጠባጠባል። ጋሼ ወርደው እጃቸውን ሲታጠቡ ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዳገቱ ላይ ከፊቴ የጭነት መኪና ቆመ፤ እኔም ቆምኩ» አሉ። «ሲንቀሳቀስ ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ አስገባሁ። ነዳጅ ልሰጥ ስል ወንበሩ እኔን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። እግሬ የሚረግጠው አጣ። የእጅ ፍሬኗ እንደምታውቀው ከመሪው ሥር ናት፤ ብዘረጋ አልደርስባት አልኩ።»

«ታዲያ ምን ያዘዎት?»

«ማርሿ ናት የያዘችኝ። እግሬ ከፍሪሲዮኑ ሲለቅ መኪናዋ ተንጣ ጠፋች፣ እዚያው ቆመች። ከኋላዬ ሰው የሞላ ሚኒባስ ነበር።» ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ወንበርህ ለወገቤ አዝኗል፤ ለነፍሴ ግን አላዘነም።»

ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር። ማርሹ ገና ሳይገባ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሌሊት አብሮኝ አድሯል።

አለቃችን አንድም ቃል ሳይናገር ሜትር አምጥቶ ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተትባቸው ሁለት ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት ከፊት ለካ፣ ከዚያም ከኋላ። ልዩነቱ 12 ሚሊሜትር ሆነ። ጣቱን ከሥር አስገብቶ «ስማ» አለኝና ወንበሩን አንቀሳቀሰ። ወንበሩን የሚቆልፉት ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ በቀጭን ሽቦ የተያያዙ። አብረው ነው ጠቅ ማለት ያለባቸው። ሐዲዶቹ ትይዩ ካልሆኑ ግን አንዱ ቤቱ ይገባል፣ ሌላው ከቤቱ አፋፍ ላይ ይንጠለጠላል። እኔ በብረት ገፍቼ ያስገባሁት ብሎን ሐዲዱን አጣምሞት ነበር፤ የሰማሁትም ጠቅታ የአንዱን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከጠማማው ሐዲድ ላይ ጫፉን ብቻ ነክሶ ነበር። ባዶ ወንበር በእጅ ሲገፋ ይህ ይበቃዋል። ሰው ግን ፍሪሲዮን ሲረግጥ በዚያው ጉልበት ጀርባውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዳገቱ ደግሞ ያግዘዋል።

«በእጅህ ነው እንዴ የሚነዳው?» አለኝ አለቃዬ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሁሉንም ፈታሁ። እግሮቹን ጥዬ አዲስ ስሠራ ሁለቱን ሐዲዶች በቅድሚያ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ትይዩ አድርጌ አሰርኩ፤ ከዚያ ነው እግሮቹን በነጥብ ብየዳ ያያዝኳቸው። ያልተገናኘውን ቀዳዳ ደግሞ በመግፋት ሳይሆን በሞረድ አስፍቼ አገናኘሁት። አራቱንም ብሎኖች በጣቴ ብቻ አስገብቼ፣ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አመላልሼ፣ በሁለቱም በኩል ጥርሱ ቤቱ መግባቱን በዓይኔ አይቼ፣ በመጨረሻ ተራ በተራ፣ በሰያፍ አጠበቅኋቸው። የተሳበውን ሽቦም ቀየርኩ። የተሳፋሪውን ወንበር ስፈታው እሱም 5 ሚሊሜትር ተጣሞ አገኘሁት፤ ዕድል ብቻ ነበር የያዘው። ከዚያ ፒካፗን ራሴ ወደ ዳገቱ ወሰድኳት፣ ድንጋይ ከጎማዋ ሥር አስደግፌ፣ መሪውን ለቅቄ በሁለት እግሬ እስክዝል ገፋሁ። አልተነቃነቀም።

ሒሳብ አልተቀበልኩም፤ የፈሰሰውን ወተት ዋጋም ከደሞዜ ከፈልኩ። ጋሼ የወተቱን ግማሽ ብቻ ተቀብለው የቀረውን መለሱልኝ።

አሁንም ዘይት ለመቀየር ይመጣሉ። ወገባቸው ደህና ነው፤ ከጋቢናው ሲወርዱ በሩን አይዙም። ግን ሲሳፈሩ በሩን ይዘጉና ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ሁለት እግራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ወንበሩን በጀርባቸው ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ይገፉታል። ሲገፉ በስፖኪዮው ውስጥ እኔን ያያሉ።