ጡንቻው ቢሰደድ ነርቩ ይመሰክራል

ከታችኛው መንጋጋ ሥር፣ ከአገጭ ተነስቶ ከጆሮ ጀርባ እስካለው የአጥንት ጉብታ የሚዘረጋ አንድ ጡንቻ አለ። ዳይጋስትሪክ ይባላል። ፊተኛና ኋለኛ ሁለት ሆድ አለው፤ ሁለቱ መሃል ላይ በጅማት ይገናኛሉ፤ ጅማቱም ከምላስ ሥር ካለው አጥንት ጋር ይታሰራል። አፋችንን ስንከፍት መንጋጋን ወደ ታች ከሚስቡት ጡንቻዎች አንዱ ይህ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቴ ስለ እሱ የተማርኩት በአንድ መስመር ያልቅ ነበር፦ የፊተኛው ሆድ ነርቭ ከአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ የኋለኛው ከሰባተኛው (ከራስ ቅል የሚወጡት ነርቮች በተራ ቁጥር ይጠራሉ)። መስመሩን ሁላችንም በቃል ይዘን ፈተና ላይ ጻፍነው። አንድ ጡንቻ ለምን ለሁለት ጌታ እንደሚገዛ ግን በመማሪያ መጽሐፉም ሆነ በክፍሉ ውስጥ ጥያቄ ሆኖ አልተነሳም።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማርበት ክፍል የሰውን አናቶሚ ከባለአከርካሪ እንስሳት ዝግመተ ለውጥ ጋር አጣምሮ ያስተምራል። ጠዋት ከሰው አስከሬን ፊት እንቆማለን፤ ከሰዓት በኋላ የሻርክ፣ የእንሽላሊትና የድመት ናሙናዎች ይጠብቁናል። አማካሪዬ አንድ የማይለወጥ ጥያቄ አላቸው። የትኛውንም ጡንቻ ገልጠን ስናሳያቸው ስሙን አይጠይቁም፤ «ነርቩ ከየት መጣ?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ አናቶሚን ከሸምዳጅነት አውጥቶ ታሪክ አደረገልኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

የዳይጋስትሪክ መልስ ያለው ሽሉ ላይ ነው። በአራተኛው ሳምንት ገደማ፣ የሰው ሽል ቁመቱ ገና ጥቂት ሚሊሜትር ሳለ፣ ወደፊት አንገት በሚሆነው ቦታ ግራና ቀኝ የጉሮሮ ቅስቶች የሚባሉ እብጠቶች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ቅስት የራሱን ልም አጥንት፣ የራሱን ደም ቅዳ፣ የራሱን ጡንቻና የራሱን ነርቭ ይዞ ይነሳል። ከመጀመሪያው ቅስት የማኘኪያ ጡንቻዎች ይወጣሉ፤ ነርቫቸው አምስተኛው ነው። ከሁለተኛው ደግሞ ፈገግ የምንልባቸውና ግንባራችንን የምንቋጥርባቸው የፊት ጡንቻዎች ይወጣሉ፤ የእነሱ ነርቭ ሰባተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ጡንቻዎቹ ይጓዛሉ፣ ይከፋፈላሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይዋሃዳሉ። መጀመሪያ የያዛቸው ነርቭ ግን የትም ቢሄዱ አይለቃቸውም፤ እየተጎተተም ቢሆን ይከተላቸዋል። ስለዚህ ዳይጋስትሪክ አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ጡንቻዎች ናቸው፤ ከሁለት ጎረቤት ቅስቶች መጥተው በጅማት የተጋቡ። ኦራንጉታን የፊተኛው ሆድ የለውም፤ የኋለኛው ብቻውን ሄዶ ከመንጋጋው ማዕዘን ጋር ይጣበቃል። ጡንቻው አንድ ነው ብሎ ለተማረ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ሁለት መሆናቸውን ለሚያውቅ ግን ከሁለቱ አንዱ ቀረ፣ በቃ።

እነዚሁ ቅስቶች ዓሣ ላይ መንጋጋንና ስንጥብን የሚሸከሙ አካላት ይሆናሉ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የሰው ሽል በምንም ደረጃ ስንጥብ ኖሮት አያውቅም፤ በዓሣነት አልፎ ሰው የሚሆንበት ጊዜም የለም። ይህን አስተሳሰብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ኤርንስት ሄክል የሽል ሥዕሎቹን ከእውነታው ይበልጥ አመሳስሎ በማቅረቡ ብዙ ተወቅሷል። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1828፣ ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የተሻለውን ተናግሮ ነበር፦ የአንድ እንስሳ ሽል የሚመስለው የሌላውን እንስሳ ሽል እንጂ ያደገውን እንስሳ አይደለም። ሰውም ዓሣም ከአንድ ጥንታዊ የአካል ንድፍ ይነሳሉ፤ ከዚያ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሄዳል።

ከሁሉ አብልጦ የያዘኝ ክፍል ጆሮ ነው። መካከለኛውን ጆሮ ለማየት ጆሮን የያዘውን የራስ ቅል አጥንት በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መሰርሰሪያ ጥቂት በጥቂት መፈልፈል ይጠይቃል። ውሃ ይንጠባጠባል፣ የአጥንት ብናኝ ይታጠባል፣ እጅ ጠረጴዛው ላይ ካልተደገፈ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ትዕግሥቱ ከተገኘ አጥንቱ መጨረሻ ላይ ይከፈትና ሦስቱ የመስሚያ አጥንቶች ተያይዘው ይታያሉ፦ መዶሻ፣ መስፍ፣ እርካብ። እርካብ ርዝመቱ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም፤ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሹ ነው። ከጎኑ ካለች ጫፏ ከተበሳ የአጥንት ሾጣጣ ደግሞ ነጭ ክር የሚመስል ጅማት ብቅ ብሎ የእርካብን አንገት ይይዛል። ስታፒዲየስ የሚባለው፣ ከአጥንት ጋር ከተያያዙ ጡንቻዎች ሁሉ ትንሹ ጡንቻ፣ ያቺ ሾጣጣ ውስጥ ተደብቋል። ነርቩ ከየት መጣ? ከሰባተኛው፤ ማለትም የሁለተኛው ቅስት ነው። መዶሻን የሚስበው ሌላው ጡንቻስ? ከአምስተኛው፤ እንደ ማኘኪያ ጡንቻዎቹ።

አንድ የጆሮ ጡንቻ ነርቩን ከመንጋጋ ነርቭ የሚያገኝበት ምክንያት የእንሽላሊትን ራስ ቅል አጠገቡ ሲያስቀምጡ ግልጽ ይሆናል። እንሽላሊት አፉን የሚከፍትበት ማጠፊያ በሁለት አጥንቶች መካከል ነው፤ አንዱ የራስ ቅሉ፣ ሌላው የታችኛው መንጋጋ ጫፍ ላይ ያለ። እኛ ጋ እነዚያ ሁለት አጥንቶች መስፍና መዶሻ ናቸው። ይህን ተዛምዶ ካርል ራይሸርት እ.ኤ.አ. በ1837 ሽሎችን መርምሮ አሳየ፤ ዳርዊን ሐሳቡን በመጽሐፍ ከማውጣቱ ከ20 ዓመታት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው። ቅሪተ አካሉ በኋላ ደረሰ። ሞርጋኑኮዶን የተባለው፣ ዕድሜው ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋው ትንሽ እንስሳ፣ አሮጌውና አዲሱ የመንጋጋ ማጠፊያ ጎን ለጎን ነበሩት። አዲሱ ማጠፊያ መንጋጋውን መሸከም ሲችል አሮጌዎቹ አጥንቶች ለመስማት ሥራ ነጻ ወጡ። ዛሬም ኦፖሰም የተባለው አጥቢ እንስሳ ግልገል ሲወለድ መዶሻው ገና ከመንጋጋው ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ከጆሮው ጋር የሚጠቃለለው እያደገ ሲሄድ ነው። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ የጆሮ አጥንቶችን ስም ዝርዝር ብቻ አድርጌ ማየት ከቶ አልቻልኩም።

«ይህ ለሐኪም ምን ይጠቅመዋል?» የሚለው ጥያቄ ከሕክምና ተማሪዎች ደጋግሞ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ሰባተኛው ነርቭ ከላይኛው ክፍሉ ተጎድቶ ፊቱ በአንድ በኩል የዞረ ሰው በዚያው ጎን ድምፅ ከልክ በላይ ይጮህብኛል ሊል ይችላል። የፊት መዞርና የድምፅ መጮህ ምን አገናኛቸው? የእርካብ ልጓም የሆነው ስታፒዲየስ ከፊት ጡንቻዎች ጋር የአንድ ቅስት ልጅ ስለሆነ ነው። ድያፍራምም እንዲሁ ነው። ደረትን ከሆድ የሚለየው ይህ ትልቅ የመተንፈሻ ጡንቻ ነርቩን የሚያገኘው ከአንገት ነው፤ ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው የአንገት ነርቮች። በሽሉ ላይ የጡንቻው መነሻ አንገት አካባቢ ነበር፤ ሲወርድ ነርቩን ይዞ ወረደ። ከድያፍራም ሥር መግል ወይም ደም ሲጠራቀም ሕመሙ ትከሻ ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ የሚደርስ የአንገት ኅብለ ሰረሰር ጉዳት ትንፋሽን የሚያቆመውም ለዚሁ ነው።

ስለ አስከሬኖቹ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ከፊታችን የተኙት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ሰውነታቸውን ለትምህርት የሰጡ ናቸው። አንዱ አስከሬን ከሌላው እንደሚለይ ከእነሱ በቀር ማንም ሊያስተምረን አይችልም ነበር። የእጅ አንጓ ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው የፓልማሪስ ሎንገስ ጅማት አንዱ ላይ ሁለቱም እጆች ላይ አለ፤ ሌላው ላይ ከነአካቴው የለም። በመጽሐፍ ላይ የሚታየው ሰው አማካይ ሰው ነው። የዝግመተ ለውጥ ጥሬ ዕቃ የሆነው ልዩነት የሚታየው እነዚህ ሰዎች ላይ ነው፤ ውለታቸውን አልረሳም።

ወደ ማንቁርት የሚሄደው ተመላሽ ነርቭ በእኛ ትምህርት ውስጥ ዝነኛው ምሳሌ ነው። ከአሥረኛው የራስ ቅል ነርቭ ተገንጥሎ ድምፅ ወደምናወጣበት ማንቁርት መድረስ አለበት። በግራ በኩል ግን ማንቁርትን አልፎ ደረት ውስጥ ይወርድና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ፣ ቅስት ሥር ዞሮ ይመለሳል። በቀኝ በኩል ወደ ክንድ በሚሄደው ደም ቅዳ ሥር ይዞራል። አስከሬን ላይ የሚገኘው በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ባለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ነው፤ ስቡን በጫፍ በጫፉ እየገፉ ሲሄዱ ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ ይታያል። ዓሣ ላይ የዚህ ነርቭ አቻ ከመጨረሻው ቅስት ደም ቅዳ ኋላ አልፎ በቀጥታ ወደ ስንጥብ ይደርሳል፤ ጉዞው አጭር ነው። አንገት ሲረዝምና ልብ ወደ ደረት ሲወርድ ደም ቅዳው ነርቩን ይዞት ወረደ። ቀጭኔ ላይ ዙሪያው በርካታ ሜትሮች ይሆናል።

ብዙ ሰዎች ይህን ነርቭ የተበላሸ ንድፍ ማሳያ ያደርጉታል። አልስማማም። ነርቩ በመንገዱ ላይ ለአየር ቧንቧና ለምግብ ቧንቧ ቅርንጫፎች ይሰጣል፤ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። ከእሱ የምንማረው የመንገዱን ምክንያት ነው። የምክንያቱ ትክክለኛነትም በራሱ በሰው ላይ ይፈተናል፦ ከመቶ ሰዎች በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሱት የቀኝ ክንድ ደም ቅዳ ባልተለመደ መንገድ ከግራ በኩል ይነሳል። ያኔ ነርቩን የሚጎትት ነገር ስለሌለ ነርቩ ሳይዞር በቀጥታ ወደ ማንቁርት ይገባል። የታይሮይድ ዕጢ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም ይህን ካላወቀ የታካሚውን ድምፅ ሊያሳጣ ይችላል።

በአብዛኞቹ የአናቶሚ መጻሕፍት የጡንቻ ሰንጠረዥ መነሻ፣ መድረሻ፣ ነርቭ፣ ሥራ ተብሎ ይሰለፋል። እኔ ብጽፈው ነርቭን አስቀድም ነበር። የክንድን የኋላ ጡንቻዎች በሙሉ፣ ከትከሻ በታች እስከ ጣት ዘርጊዎቹ ድረስ፣ አንድ ራዲያል የተባለ ነርቭ ያዛቸዋል። የዓሣ ክንፍ ጡንቻ በመሠረቱ የላይና የታች ሁለት ክምር መሆኑን፣ የእኛም ክንድ ሽል ላይ በእነዚያው ሁለት ክምሮች እንደሚጀምር ካወቁ፣ ብዙ ስሞችን በአንድ ሐሳብ መያዝ ይቻላል። በአንጻሩ ለሁሉም ነገር የጥንት ታሪክ መደርደርም አደገኛ ነው። ትርፍ አንጀት ለረጅም ጊዜ ሥራ የፈታ ቅሪት ነው ተብሎ ተማሪዎች ሲማሩት ኖረዋል። ዛሬ በሽታ የመከላከል ህብረ ህዋስ የበዛበት መሆኑና በተለያዩ የአጥቢ እንስሳት ወገኖች ውስጥ በተደጋጋሚ ራሱን ችሎ መፈጠሩ ይታወቃል።

አሁን የመመረቂያ ጥናቴን የያዝኩት ነርቩ ራሱ ሁለት ዓይነት ምስክርነት በሚሰጥበት ቦታ ላይ ነው፤ አንገት ላይ። ዓሣ አንገት የለውም፤ የአጥንታም ዓሣ የትከሻ አጥንትም ከራስ ቅሉ ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜናዊ ካናዳ በኤልስሚር ደሴት እ.ኤ.አ. በ2004 ተገኝቶ በ2006 ይፋ የሆነው፣ 375 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ቲክታሊክ የተባለ የዓሣ ቅሪተ አካል፣ ራስን ከትከሻ የሚያያይዙት አጥንቶች ጠፍተውለት ራሱን ለብቻው ማዞር ይችል ነበር። ጭንቅላትንና ትከሻን ከሚያገናኙት ጡንቻዎች መካከል ግን አንዳንዶቹ እኛ ላይ አሁንም አሉ። ትራፔዚየስ አንዱ ነው፤ አቻው ሻርክ ላይ ከስንጥቦቹ በላይ ተነስቶ ወደ ትከሻ ይወርዳል። የሚያዘው አሥራ አንደኛው የራስ ቅል ነርቭ ከአንገት ኅብለ ሰረሰር ይነሳና ወደ ላይ ወጥቶ ራስ ቅል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ከአሥረኛው ጋር በአንድ ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። ከአንገት ነርቮችም ቅርንጫፍ ይጨመርለታል። ታዲያ ጡንቻው የጭንቅላት ነው ወይስ የግንድ፣ ማለትም የተቀረው አካል? ቲቢኤክስ1 የተባለው ጂን የጎደላቸው አይጦች ትራፔዚየስ ሳይኖራቸው መቅረቱ ከጭንቅላት ጡንቻዎች ጋር ያዛምደዋል፤ ሽሉ ላይ የሚያድግበት ቦታና ነርቩ የሚነሳበት ኅብለ ሰረሰር ደግሞ ወደ ግንድ ይስቡታል። በሚቀጥለው ወር የሻርኩን ናሙና ከአንገት ጀምሬ እከፍታለሁ፤ መጀመሪያ የምፈልገውም የነርቩን ሥሮች ነው።