አንጋፋው ይቆይ ወይስ ይሸኝ?

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅ ዋልን። ዕድሜው የገፋ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቡድኑ ውስጥ ይቆይ ወይስ ይሸኝ? እነሱ "ቦታውን ለወጣት ይልቀቅ" ባዮች ናቸው። እኔ ደግሞ ነገሩ ያለው ደመወዙ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ኮቢ ብራያንትን እዩት። የአሜሪካው ቡድኑ ሌከርስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለት ዓመት 48.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ገና እያገገመ ነበር እኮ! በ2015-16 ቡድኑ ከ82 ጨዋታ 17 ብቻ አሸነፈ። በመሰናበቻው ምሽት 60 ነጥብ ማስቆጠሩን አልረሳሁም፤ ያን ቀን ማን አልጮኸም? ግን ለአንድ ምሽት ብሎ ይሄ ሁሉ ገንዘብ አይወጣም።

ዩዶኒስ ሃስለም ግን ሌላ ነው። ማያሚ ሂት ውስጥ 20 የውድድር ዘመን ቆይቶ በ2023 አቆመ። መጨረሻ አካባቢ ሜዳ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። በ2022 የቡድኑ ኮከብ ጂሚ በትለር ከአሰልጣኙ ጋር ሲፋጠጥ ግን ተነስቶ የጮኸበት እሱ ነው። ኮከቡን ፊት ለፊት የሚቆጣ ሰው ከየት ይገኛል? ደመወዙም ለነባር ተጫዋች የተቀመጠው ዝቅተኛው ነበር። እንዲህ ከሆነ ከቡድኑ 15 የተጫዋች ቦታ አንዷን ብሰጠው ምን ገዶኝ! ሁለተኛ አንጋፋ ከጨመራችሁ ግን እኔ የለሁበትም።