ዝናብና ጉግስ በእንጅባራ

ዛሬ ጥር 23 አይደል? ቀለሙንም ብሩሹንም ትቼ እንጅባራ ሜዳ ላይ ዋልኩ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነዋ! የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችም ውለታቸው ይታሰብበታል። ቀኑም የጊዮርጊስ። ፍየል ቆዳ ላይ ጊዮርጊስን ሲስል ለሚውል እንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ በላይ ምን አለ?

በጥር ዝናብ ማን ይጠብቃል? ጉግሱ ሊጀመር ሲል ዶፉን ለቀቀው። እኛ ጋቢ ተከናንበን ስንሯሯጥ ፈረሰኞቹ ምን ገዷቸው!

አጠገቤ አንድ ዳማ ፈረስ ቆሟል። ከኮርቻው ዳር የተንጠለጠለው ቀይ መርገፍ ቀለሙን ለቆ ነጩን ግላስ፣ የፈረሱን ጌጥ ልብስ፣ ሮዝ አድርጎታል። ያንን ሮዝ ስንት ጊዜ ቀላቅዬ አጥቼዋለሁ!

ባለፈረሱ አባት ስነድፍ አዩኝና «ልጄ፣ ጭቃውን እንኳ ተወው» አሉኝ።

«ጭቃውማ ዋናው ነው፣ አባቴ!»

ሳቁ። በሥዕል ልማዳችን ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሳላል። ፈረስ ግን፣ ለኔ፣ በጎን ካልሆነ አያምርም።

ከዚያ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ። ወይ ጣዕሙ! ነገ በጠዋት ቆዳ እወጥራለሁ፤ ዳማው ይጠብቀኛል።